ኩሽኔታው ለምን ደጋግሞ ይበላል?

(ለሰፈራችን ባለመኪናዎችና ሾፌሮች የተደረገ ንግግር)



እንደሚታወቀው በእኛ በኩል መኪና የሚገዛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚገዛው ያገለገለውን ነው። በሬ ሸጦ፣ ዕቁብ ጥሎ፣ ከዘመድ ተበድሮ የገዛውን አባዱላ ወይም አይሱዙ ይዞ ወልድያና አላማጣ ሲመላለስ ይውላል። ታዲያ የፊት ጎማ ኩሽኔታ ተቀየረ፣ በሁለት ወሩ ያው ጎን ጮኸ፣ እንደገና ተቀየረ የሚለው እሮሮ ስለበዛ ዛሬ ይህንኑ እንነጋገራለን። ነገሩ የብር ብቻ አይደለም። ያለቀ ኩሽኔታ ጎማውን ይዞ ሊወጣ ይችላል፤ መኪናው የጫነው ደግሞ ሰው ነው።

አንድ ጊዜ የተበላ ኩሽኔታ ዕድሜው ደርሶ ይሆናል። በዚያው ጎን ሁለተኛ ከተበላ ግን ጥፋቱን ሌላ ቦታ ፈልጉት። «ዕቃው ፎርጅድ ነው» ማለት ይቀላል። ፎርጅድ መኖሩን አንክድም፤ ግን ከአንድ ሱቅ የተገዛው ዕቃ ቀኙን እየበላ ግራውን ለምን ይተወዋል?

ስለዚህ አሮጌውን አትጣሉ። ከጋራዥ ተቀብላችሁ በናፍጣ እጠቡና ፀሐይ ላይ እዩት። መልኩ ወደ ሰማያዊ ከዞረ ተቃጥሏል፤ ወይ ዳዶው ከልክ በላይ ጠብቋል፣ ወይ ግራሶ አጥሮታል። ከዛገ፣ ግራሶውም እንደ ወተት ከነጣ፣ ውሃ ገብቶታል። በውጪው ቀለበት ላይ እኩል እኩል የተራራቁ ጠባሳዎች ካሉ በመዶሻ ተደብድቦ ገብቷል፣ አለዚያም ጎማው ጉድጓድ ላይ ክፉኛ ወድቋል።

ያገለገለ መኪና ዋና በሽታ ግን ከዚህ ይከፋል። የቀድሞው ባለቤት በተበላ ኩሽኔታ ነድቶት ከሆነ፣ ኩሽኔታው የሚቀመጥበት ዘንግ ተፍቆ ቦይ ያወጣል፤ ሞዞውም ይሰፋል። ይህን በእጅ ማወቅ ይቻላል። የውጪው ቀለበት ሞዞው ውስጥ ያለ ምት፣ በጣት ግፊት ብቻ የሚገባ ከሆነ ሞዞው አልቋል። ቆርቆሮ ጠቅልሎ ማስገባት ለጊዜው ቢያስኬድም በዚያ ላይ አሥር ኩሽኔታ ብትቀያይሩ አሥሩም ይበላሉ።

የአገራችንም ጠባይ አለ። ጎሊናና ሆርማት ዓመቱን አብዛኛውን አሸዋ ናቸው፤ ክረምት ከተራራው ጎርፍ ሲወርድ ግን እናውቃቸዋለን። ከአስፋልት ወጥቶ ወንዝ የሚሻገር መኪና ሞዞው ግሎ ውሃ ውስጥ ይገባል። ትኩሱ ሞዞ ሲቀዘቅዝ ውስጡ ያለው አየር ይኮማተርና ውሃውን ባረጀው ጎሚኒ በኩል ይስባል። ስንቱ ነው አዲስ ኩሽኔታ ገዝቶ አሮጌውን ጎሚኒ የሚመልሰው! ከሁለቱ ርካሹ ጎሚኒው ነው እኮ።

ሾጣጣውን ኩሽኔታ አሜሪካዊው ሄንሪ ቲምከን እ.ኤ.አ. በ1898 የፈጠራ መብት ሲያወጣበት ለፈረስ ሠረገላ ነበር። የሠረገላ ሠሪ ስለነበር ከባድ ጭነት በመታጠፊያ ላይ ጎማውን ወደ ጎን እንደሚገፋው ያውቃል። ይህ ኩሽኔታ ውስጡና ውጪው ተጣምሮ ይሠራል፤ የውስጡን ለውጦ የውጪውን አሮጌ ቀለበት መተው አይሆንም። (ኩሽኔታ፣ ሞዞ፣ ግራሶ፣ ዳዶ እያልን የምንጠራው ሁሉ የጣልያን ቃል ነው፤ አገሩን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ይዞ ሲሄድ ለጋራዦቻችን የተረፈ።)

አገጣጠሙስ? ጎማውን በእጅ እያዞራችሁ ዳዶውን አጥብቁ፣ መልሳችሁ አላሉት፣ ከዚያ በጣት ብቻ አስይዙት። ኮፒሊያ የሚባለው መቆለፊያ ሽቦ ሁልጊዜ አዲስ ይሁን። አንዳንድ አዳዲስ መኪኖች ላይ ሞዞውና ኩሽኔታው አንድ ላይ የተሠራ ስለሆነ ይህ አይመለከታቸውም።

ከቆቦ ተነሥታችሁ ሮቢት ስትደርሱ ቁሙ፤ ሁለቱንም ሞዞ በጥንቃቄ ዳስሱ። ሁለቱም እኩል ሞቅ ቢሉ ችግር የለም። አንዱ እጅ የማያስቀምጥ ከሆነ ግን ወልድያ ድረስ አትሂዱ፤ ተሳፋሪውን ሌላ መኪና ላይ አሳፍሩና ፈትታችሁ እዩት።