የአሸዋ ድንጋይ ቀዳዳዎች ከየት መጡ?



የአሸዋ ድንጋይ ለዓይን ድፍን ይምሰል እንጂ ውስጡ ክፍት ነው። እኩል የሆኑ ክብ ቅንጣቶች እጅግ ሳስተው ሲደረደሩ ከጠቅላላው ይዘት 47.6 በመቶው፣ እጅግ ተጠጋግተው ሲደረደሩ ደግሞ 26 በመቶው ባዶ ቦታ ነው። የቅንጣቱ መተለቅ ወይም ማነስ ይህን ቁጥር አይለውጠውም፤ የሚለውጠው ውሃው ወይም ጋዙ የሚያልፍበትን መንገድ ስፋት ነው።

ይህ ከአሸዋው ጋር የተወለደ ቀዳዳ ድንጋዩ ሲቀበር እየጠበበ ይሄዳል። የላዩ ክብደት ቅንጣቶቹን ያጠጋጋል፤ ሲሊካና ካልሳይትም እንደ ሲሚንቶ ይሞሉታል። በአንጻሩ አሲድነት ያለው ውሃ ፌልድስፓርንና ካልሳይትን አሟሙቶ አዲስ ቀዳዳ ይከፍታል። ሆኖም ከፌልድስፓሩ የሚገኘው የካኦሊን ሸክላ መተላለፊያውን መልሶ ሊዘጋው ይችላል።

ነገሩ የንድፈ ሐሳብ ጉዳይ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1973 በኦጋዴን የተገኘው የካሉብ ጋዝ የተከማቸው በአሸዋ ድንጋዮች ውስጥ ነው፤ ከእነዚህም አንዱ የአዲግራት የአሸዋ ድንጋይ ነው። እኩል 15 በመቶ ቀዳዳ ካላቸው ሁለት ድንጋዮች አንዱ ሊሰጥ፣ ሌላው ሊነፍግ ይችላል። ስለዚህ «ስንት በመቶ ነው?» ብሎ ብቻ የጠየቀ መሐንዲስ ግማሹን ጠየቀ። «ከየት መጣ? እርስ በርሱስ ይገናኛልን?» ሳይል የጉድጓድ ወጪ ሊያስወስን አይገባውም።