ጤናማ አመጋገብን ለአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ስለ ማስተማር፦ የሰሌዳው ትምህርትና የግቢው ትምህርት

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



የሕፃናት አመጋገብ ጉዳይ በመሐንዲሶች ጉባኤ ላይ ሲነሣ ለአንዳንድ አድማጭ ከቦታው ውጭ የመጣ ሊመስል ይችላል። ጉዳዩ የሐኪሙ፣ የመምህሩና የወላጁ እንጂ የመሐንዲሱ ምኑ ነው የሚል ጥያቄ ቢቀርብም አያስደንቅም። ይሁን እንጂ አንድ ሕፃን በትምህርት ቤት ስለ ምግብ የሚማረው ከሁለት መምህራን ነው። አንደኛው በሰሌዳው ፊት የሚቆመው መምህር ሲሆን፣ ሁለተኛው ግቢው ራሱ ነው፤ ይኸውም የውሃው ቧንቧ፣ ወጥ ቤቱ፣ የእህል ማከማቻው፣ የመመገቢያው ጥላና የበሩ ደጃፍ ነው። የመጀመሪያው የሚናገረውን ሁለተኛው ካፈረሰበት፣ ሕፃኑ የሚያምነው የሰማውን ሳይሆን ያየውን ነው። የዚህ ንግግር ዓላማም ሁለቱ መምህራን አንድ ቃል እንዲናገሩ ምን ማድረግ እንደሚገባ ማመልከት ነው።

ከልጁ ገበታ መነሣት

በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተለመደው ትምህርት ምግብን ኃይል ሰጪ፣ ገንቢና በሽታ ተከላካይ ብሎ በሦስት ይከፍላል። አከፋፈሉ ቀላል፣ ለልጅም የሚገባ ነው። ጉድለቱ የሚመጣው ከምሳሌዎቹ ነው። ገንቢ ሲባል ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል ብቻ፣ በሽታ ተከላካይ ሲባልም ብርቱካንና ፖም ብቻ በሰሌዳው ላይ ሲጻፉ፣ ከክፍሉ ውስጥ ቁርስ ሳይቀምስ የመጣው ልጅ የሚማረው ነገር ቢኖር የቤቱ ምግብ ከምግብ የማይቆጠር መሆኑን ነው። ከዚህ የሚወለደው እፍረት እንጂ ዕውቀት አይደለም። ያፈረ ልጅ ምሳ ዕቃውን ደብቆ ይበላል፤ ወይም ጨርሶ ሳይበላ ይውላል። ሳንቲም ባገኘ ጊዜም ከሽሮው ይልቅ በላስቲክ የታሸገውን ብስኩት የክብር ምግብ አድርጎ ይገዛል።

ስለሆነም ትምህርቱ ልጁ ከሚያውቀው ገበታ መነሣት አለበት። እንጀራ በሽሮ ወይም በምስር ወጥ ቢወሰድ፣ የእህልና የጥራጥሬ ጥምረት ነው። በእህል ፕሮቲን ውስጥ የሚያንሰው ላይሲን የተባለው ንጥረ ነገር በጥራጥሬ ውስጥ በብዛት ይገኛል፤ በጥራጥሬው የሚያንሰውን ሜቲዮኒን ደግሞ እህሉ ይሞላል። የባቄላና የስንዴ ንፍሮም ይህንኑ ሕግ የሚከተል ነው። ለሦስተኛ ክፍል ልጅ የእነዚህን ንጥረ ነገሮች ስም መጥራት አያስፈልግም፤ እንጀራውና ሽሮው አንዱ የሌላውን ጎዶሎ እንደሚሞላ መንገር ይበቃል።

በቤት ውስጥ ያለው ጥበብም ለትምህርቱ ሰፊ መሣሪያ ነው። እናት ሊጡን በእርሾ አቡክታ ስታቆየው፣ በእህሉ ውስጥ ብረትንና ዚንክን ይዞ የማይለቀው ፋይቴት የተባለው ነገር እየቀነሰ ይሄዳል፤ ሰውነትም ብረቱን በተሻለ ሁኔታ ይወስዳል። እህልን አብቅሎ ብቅል ማድረግም ተመሳሳይ ውጤት አለው። ይሁንና ጤፍ የሚበላ ሰው ደም አያንሰውም ብሎ መዘናጋት አይገባም። በጤፍ ላይ ከሚለካው ብረት ከፊሉ በአውድማ ከአፈር ጋር የተቀላቀለ በመሆኑ ለሰውነት የሚሰጠው ጥቅም አነስተኛ ነው። ስለዚህ ከእንጀራው ጋር ቃሪያ፣ ቲማቲም ወይም ሎሚ ቢጨመር፣ በውስጣቸው ያለው ቫይታሚን ሲ ብረቱ ወደ ደም እንዲገባ ያግዛል። ሻይና ቡና ግን ከምግቡ ጋር ሲጠጡ ብረቱን ስለሚይዙት፣ ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ቢቆዩ ይመረጣል። ጎመን፣ ካሮትና ዱባም በጥቂት ዘይት ሲሠሩ ዓይንን ከዳፍንት የሚጠብቀው ቫይታሚን ኤ በተሻለ ሁኔታ ከሰውነት ጋር ይዋሐዳል።

በዚህ ዓይነት የሚያስተምር መምህር ተማሪዎቹን ትናንት የበሉትን ጠይቆ፣ እነርሱ የጠሩለትን ምግብ በሦስቱ ክፍሎች ያስመድባቸዋል። ከየክፍሉም በአካባቢው ገበያ ዋጋው ዝቅ ያለውን እንዲያፈላልጉ ያደርጋል። ነገር ግን ምሳ ዕቃቸውን በጓደኞቻቸው ፊት አስከፍቶ አይመረምርም። ድህነትን ለትምህርት መርጃ ማድረግ ከትምህርትነት ይወጣልና።

ከጨው ከረጢት የሚገኝ ትምህርት

የዕውቀትና የሥራ ጥምረት ምን ያህል እንደሚያስገኝ ለማየት ጨውን መመልከት ይበቃል። ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ በቀን የሚያስፈልገው አዮዲን 120 ማይክሮግራም ነው፤ የዓመቱ ድምር እንኳ ከ44 ሚሊግራም አያልፍም። ይህች ኢምንት መጠን ስትጓደል እንቅርት ይወጣል፤ ከዚያም የከፋው የልጁ አእምሮ እድገት መጎዳቱ ነው። በደጋው አገር ዝናብና ጎርፍ አዮዲኑን ከአፈሩ አጥቦ ስለወሰደው፣ በዚያ አፈር ላይ የበቀለ ምግብ ብቻውን ጎዶሎውን ሊሞላ አይችልም። በመሆኑም በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ለሰው ምግብ የሚውል ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት አዘዘ። ከአፋር ምድር፣ ከአፍዴራ ሐይቅ የሚወጣውን ጨው አዮዲኑ በእኩል መጠን እንዲደርሰው አድርጎ መርጨት፣ መቀላቀልና ማሸግ የመሐንዲስ ሥራ ነው።

ሥራው ግን በፋብሪካው በር አያበቃም። አዮዲን በፀሐይ፣ በእርጥበትና በረጅም ጊዜ ሙቀት ይጠፋል። በጨው መያዣው ላይ ክዳን ካልኖረ፣ ወይም ጨው ወጡ ገና ሲጣድ ከተጨመረ፣ በብዙ ድካም የተጨመረው አዮዲን ከፊሉ ባክኖ ይቀራል። የመጨረሻውን ጥንቃቄ የሚያደርገው ቤተሰቡ ነው፤ ለቤተሰቡ መልእክቱን የሚያደርሰው ደግሞ ተማሪው ነው። ጨው ሲገዛ በከረጢቱ ላይ የተጻፈውን ማንበብ፣ ክዳን ባለው ዕቃ ማስቀመጥ፣ ወጡ ሊወጣ ሲል መጨመር፤ እነዚህን ሦስት ነገሮች ማንኛውም የአራተኛ ክፍል ተማሪ በአንድ ቀን ተምሮ ማታ ለቤቱ ሊያስረዳ ይችላል።

ግቢው ምን ያስተምራል?

አሁን ወደ ሁለተኛው መምህር እንመለስ። መምህሩ ከምግብ በፊት እጅ በሳሙና ይታጠባል ብሎ ያስተምራል እንበል። በትምህርት ቤቱ 600 ተማሪዎች አሉ፤ ቧንቧው ግን አንድ ነው። አንድ ልጅ በሳሙና ለማሸት 20 ሴኮንድ፣ ለመቅረብና ለመለቅለቅ 10 ሴኮንድ ቢወስድበት፣ ሁሉም ታጥበው ለመጨረስ 18,000 ሴኮንድ ማለትም 5 ሰዓት ያስፈልጋቸዋል። ለምግብ የተፈቀደው የዕረፍት ጊዜ 30 ደቂቃ ቢሆን፣ ግቢው ልጆቹን ያስተማራቸው እጅን ሳይታጠቡ መብላትን ነው። በአንጻሩ አሥር ቀዳዳ ያለው ቱቦ በአንድ ረጅም የሲሚንቶ ገንዳ ላይ ቢዘረጋ፣ ሥራው በዚያው በ30 ደቂቃ ይጠናቀቃል። ለአንድ መታጠብ ግማሽ ሊትር፣ በቀን ሁለት ጊዜ ቢታሰብ የቀኑ ፍጆታ 600 ሊትር ነው፤ 5,000 ሊትር የሚይዝ ታንከር ለስምንት የትምህርት ቀናት ይበቃል ማለት ነው። የገንዳው ከፍታም ለትንሾቹ ልጆች የሚደርስ መሆን አለበት። የተረፈው ውሃ ወደ ፓፓያና ሙዝ ሥር ቢመራ፣ ግቢው ተጨማሪ ትምህርት ይሰጣል፤ ጥሬውን ለሚበላ ቅጠል ግን የሳሙና ውሃ ማጠጣት አይገባም።

የምግብ ማከማቻውም እንደዚሁ ነው። የዓለም ምግብ ፕሮግራም በኢትዮጵያ የትምህርት ቤት ምገባን ከጀመረበት ከ1994 እ.ኤ.አ. ወዲህ፣ በተለይም የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር በ2019 እ.ኤ.አ. በመንግሥት ትምህርት ቤቶች የምገባ መርሐ ግብር ከጀመረ በኋላ፣ ብዙ ትምህርት ቤቶች እህል የሚያከማቹና ወጥ የሚሠሩ ሆነዋል። ለማስተማሪያ ብቻ የተነደፈ ክፍል ግን ጎተራ ሊሆን አይችልም። በቆሎና ለውዝ በእርጥብ ወለልና ግድግዳ ላይ ተደግፈው ሲቆዩ ይሻግታሉ፤ ሻጋታውም ጉበትን የሚጎዳውን አፍላቶክሲን ያመነጫል። ወለሉን ከመሬት ከፍ ማድረግ፣ ከረጢቱን በእንጨት ርብራብ ላይ መደርደር፣ ነፋስ የሚገባበት ቀዳዳ በወንፊት ሽቦ መሸፈን ብዙ ወጪ የማይጠይቁ፣ ነገር ግን በንድፉ ላይ አስቀድመው መታሰብ ያለባቸው ናቸው።

በበሩ ደጃፍ የሚሸጠውም ነገር ያስተምራል። 300 ሚሊሊትር በሚይዝ አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ውስጥ 30 ግራም ያህል ስኳር ይገኛል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ መሠረት፣ ከምግብና ከመጠጥ ጋር የሚጨመር ስኳር ከቀኑ ኃይል ከ10 በመቶ በታች መሆን አለበት፤ ይህም በቀን 1,600 ኪሎ ካሎሪ ለሚያስፈልገው ልጅ 40 ግራም ነው። መምህሩ ከ6 እስከ 7 የሻይ ማንኪያ ስኳር እየቆጠረ በልጆቹ ፊት በባዶ ጠርሙስ ውስጥ ቢጨምር፣ ከብዙ ስብከት ይልቅ ይታወሳል። ሆኖም የሚጠጣ ንጹሕ ውሃ በግቢው ውስጥ ከሌለ፣ የተጠማው ልጅ ወደ ደጃፉ ቢሄድ ሊወቀስ አይገባም።

ከባለሙያው የሚጠበቀው

በዚህች አገር የሥነ ምግብ ዕውቀትና የማምረት ጥበብ ተባብረው ያውቃሉ። በ1962 እ.ኤ.አ. በስዊድን መንግሥት እርዳታ የተቋቋመው፣ በኋላም የኢትዮጵያ ኑትሪሽን ኢንስቲትዩት የሆነው የሕፃናት ምግብ ጥናት ክፍል ምርምሩን በወረቀት ላይ አላስቀረውም። ፋፋ የተባለውን የሕፃናት ምግብ አስገኝቶ ውጤቱን በፋብሪካ ተመርቶ በሱቅ የሚገኝ ዕቃ አድርጎታል። ስሙ ራሱ ውጤቱን የሚናገር በመሆኑ፣ ማንበብ ለማይችል ወላጅ እንኳ ትምህርት ነበር።

ከማኅበሩ አባላት የሚጠበቀውም የዚህ ዓይነት ሥራ ነው። የትምህርት ቤት ንድፍ በጠረጴዛው ላይ ሲዘረጋ አባሉ አራት ጥያቄዎችን ይጠይቅ፦ ልጆቹ በዕረፍታቸው ጊዜ ታጥበው ለመጨረስ ስንት የቧንቧ አፍ ያስፈልጋቸዋል? የሚጠጣው ውሃ ከየት ይመጣል? እህሉ ደርቆ የሚቀመጠው የት ነው? ልጆቹ ተቀምጠው የሚበሉት በምን ጥላ ሥር ነው? አሠሪው በጀት የለም ቢል፣ ለአንድ ገንዳና ለአንድ ርብራብ የሚወጣው ወጪ ከሕንፃው ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ በቁጥር አስልቶ ማሳየት የባለሙያው ግዴታ ነው። ቀድሞ የተሠሩትንም በየአካባቢው ካሉ ወላጆችና መምህራን ጋር ተመካክሮ ማሻሻል ይቻላል።

መምህሩ በሰሌዳው ላይ የሚጽፈው ቃል ደወሉ ሲደወል ይጠፋል። ገንዳው፣ ጎተራውና ጥላው ግን ከእርሱ በኋላ ለሚመጡት ብዙ ትውልድ ተማሪዎች ያንኑ ቃል ሲናገሩ ይኖራሉ። የሚናገሩት እውነት እንዲሆን ማድረግ የመሐንዲሱ ድርሻ ነው።