ክብርና ሥራ በአንድ ሚዛን አይመዘኑም
(ለተማሪዎች ስብሰባ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ እንግሊዛዊ የሥነ ጥበብ ታሪክ ሊቅ፥ ስለ አንተኒ ብለንት ነው። ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር እጠቅሳለሁ።

ብለንት በ1907 ተወልዶ በኬምብሪጅ ተማረ። በ1945 የንጉሡ ሥዕሎች ኀላፊ ሆነ። ከ1947 እስከ 1974 በሎንዶን የኮርቶልድ ተቋም ዲሬክተር ሆኖ ብዙ ምሁራንን አፈራ። በ1956 «ሰር» የሚያሰኘውን ማዕርግ ተቀበለ። በ17ኛው መቶ ዓመት ስለ ነበረው ፈረንሳዊ ሠዓሊ ስለ ኒኮላ ፑሳን በ1967 ያሳተመው ጥናት ስሙን ከፍ አደረገው።

ይሁን እንጂ ይህ ሰው በ1930ዎቹ ለሶቪየት ኅብረት ሰላይነት ተመልምሎ፥ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በአገሩ የጸጥታ መሥሪያ ቤት ሲሠራ ምስጢር አሳልፎ ይሰጥ ነበር። በ1964 እንዳይከሰስ ቃል ተገብቶለት አመነ። ጉዳዩ ተደብቆ ዐሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ማዕርጉ እንዳለ ቈየ። ኖቬምበር 15 ቀን 1979 ጠቅላይ ሚኒስትር ማርጋሬት ታቸር ነገሩን ለምክር ቤት ሲገልጹ ግን ማዕርጉ ወዲያው ተገፈፈ። በ1980 የብሪታንያ አካዳሚ አባላት ይባረር አይባረር ብለው ተከራክረው ሳያባርሩት ቀሩ፤ በኋላ ራሱ ለቀቀ። በ1983 ሞተ።

እንግዲህ አንዱ ወገን «ከሐዲ ነውና መጽሐፉም ይጣል» ይላል፤ ሌላው «ሊቅ ነውና በደሉ ይሸፈንለት» ይላል። ሁለቱም የስንፍና ፍርድ ነው፤ ሁለቱም ከማንበብ ድካም ያድናሉና።

እውነተኛው ምርመራ የተጀመረው ከዚያ ቀደም ብሎ ነው። በ1960 በሉቭር የፑሳን ሥዕሎች ታላቅ ትርኢት ሲደረግ፥ በግሉ የሚመራመር ዴኒስ ማሆን የሚባል ሰው «ብለንት ሥዕሎቹ የተሠሩበትን ጊዜ በትክክል አልወሰነም» ብሎ ተነሣበት። የክርክሩ መሣሪያ ሥዕሉና ሰነዱ ነበር እንጂ የማንም ስም ወይም ማዕርግ አልነበረም። ያኔ ብለንት በክብሩ ላይ ነበር፤ ክብሩ ግን ከጥያቄ አላዳነውም። ስለላው ሲገለጥም በሥዕሎቹ ዘመን ላይ የተጨመረ አንድም ማስረጃ የለም።

ጓደኞቼ፤ ክህደቱን መጽሐፉ አያጥበውም፤ የመጽሐፉንም ስሕተት ክህደቱ አያስረዳም። ማዕርግን የሰጠ ይነሣዋል። የጥናትን ዋጋ ግን ሰጪም ነሺም ማስረጃ ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ የተከበረ ስም በፊታችን ሲጠራ ከማጨብጨባችን በፊት፥ ሲዋረድም ከመርገማችን በፊት፥ መጽሐፉን ገልጠን እንመርምር እላለሁ።