የምድር ባቡሩ ወርክሾፕ ትናንትና ዛሬ
(በሰፈራችን ነዋሪዎች ስብሰባ ላይ ከማህበሩ የቀረበ ንግግር)



እንደሚታወቀው ድሬዳዋ የባቡር ልጅ ናት። ሐዲዱ መጀመሪያ የታሰበው ለሐረር ነበር፤ ዳሩ ግን ተራራውን መውጣቱ ወጪው ስለከበደ በሜዳው እንዲያልፍ ተደረገ። በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ እዚህ ደረሰ፤ ከተማውም በዙሪያው ተቆረቆረ። አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። የ784 ኪሎ ሜትሩ መስመር ዋና የጥገና ወርክሾፕም እዚሁ ከጣቢያው አጠገብ ሆነ።

ይህ ቤት ብዙ ሥራ ለውጧል። በፊት የእንፋሎት ባቡር ቤት ነበር፤ ሥራው እሳት፣ ውሃና ቦይለር ነው። በ1940ዎቹ የናፍጣ ባቡር ሲመጣ የሞተር ሙያ ቤት ሆነ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ጦርነት መስመሩ ተቆርጦ ነበር። ባቡሮቹ ሲያረጁም መለዋወጫ ከገበያ ስለጠፋ ሠራተኛው በቶርኖና በብየዳ ራሱ ይሠራው ጀመር። ስለዚህ ወርክሾፑ ትምህርት ቤትም ነበር ማለት ነው። ስንቱ የሰፈራችን ሰው ነው ሙያ ይዞ የወጣበት!

በ2009 ዓ.ም. አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ተመረቀ። ታዲያ የእሱ ሐዲድ ስፋት 1.435 ሜትር ነው፤ የእኛው ግን 1 ሜትር ነው። ጣቢያውም ከከተማው ወጣ ብሎ ነው የተሠራው። በመሆኑም አሮጌው ወርክሾፕ ዛሬ እንግዳ እየገባ የድሮ ባቡርና ማሽን የሚያይበት ቦታ ሆኗል።

ይህ መልካም ነው፤ ግን አይበቃም። ሥራ የሌለው ቤት ጣሪያው ያፈሳል፤ ብረቱም እንደ ውዳቂ በሚዛን መታየት ይጀምራል። ማሽኑ ቢቀር እንኳ አሠራሩን የሚያውቁት አባቶቻችን እያረጁ ነው። እነሱ ካለፉ ማሽኑ ዝም ያለ ብረት ነው እኮ!

ስለዚህ የሚከተለውን እናሳስባለን፦

1ኛ/ ወጣቶች ደብተር ይዛችሁ ጡረተኞቹን ጠይቁ፤ የመሣሪያውን ስምና አሠራር ጻፉ።

2ኛ/ በየቤቱ ያለ ፎቶግራፍ፣ የሥራ መታወቂያና መፍቻ ለቁራሌው አይሸጥ፤ ይቀመጥ።

3ኛ/ ከወርክሾፑ አንዱ ክፍል ለወጣቶች የብረታ ብረት ሙያ ማስተማሪያ እንዲሆን ለሚመለከተው ክፍል በጋራ ማመልከቻ እንጻፍ።

ቤቱ ከእንፋሎት ወደ ናፍጣ፣ ከጥገና ወደ ጉብኝት ተሸጋግሯል። አሁን ደግሞ ወደ ማስተማሪያነት እንዲሸጋገር የምንጠይቀው እኛው ነን። ማመልከቻው በማህበሩ ጽሕፈት ቤት ስለሚገኝ ቀርባችሁ ፈርሙ።