አራሷና ጤና ጣቢያው
(በሬዲዮ ከተሰጠ የመሠረተ ትምህርት ንግግር)

ደብተርና እርሳስ ይዛችሁ ሬዲዮኑን የከበባችሁ ጎልማሶች፣ ዛሬ የማወራችሁ ስለ ወሊድ ነው። ወንዶች፣ አትነሡ። ነገሩ እናንተንም ይመለከታል።

እኔ የአንደኛ ደረጃ መምህር ነኝ። ከመምህራን ማሠልጠኛ ተቋም ስወጣ የተመደብኩት ወሎ ውስጥ፣ አንድ የገጠር ትምህርት ቤት ነው። ቀን ሕፃናትን አስተምራለሁ። ማታ ጎልማሶችን ፊደል አስቆጥራለሁ።

አንድ ማታ የንባባችን ርእስ «እናት በጤና ጣቢያ ትውለድ» የሚል ነበር። አነበብን። ከዚያ እኔ ከራሴ ጨመርኩበት። «ቤት ውስጥ መውለድ ኋላ ቀር ልማድ ነው። ጤና ጣቢያው ቅርብ ነው፤ የማትሄዱት ባለማወቅ ነው» አልኩ። ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ነፍሰ ጡር እጇን አወጣች። «መምህር፣ እርስዎ ወልደው ያውቃሉ?» አለችኝ። ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። እሷ ግን አልሳቀችም።

ትምህርቱ ሲያበቃ ቆይታ ነገረችኝ። የመጀመሪያ ልጇን የወለደችው በአንድ ጤና ጣቢያ ነው። እናቷ፣ አክስቷና ጎረቤቶቿ አብረዋት ሄደው ነበር። በሩ ላይ «ውጭ ጠብቁ» ተባሉ። እሷ ብቻዋን ገባች። ልብሷን አውልቃ፣ ከፍ ያለ አልጋ ላይ በጀርባዋ ተኛች። የማታውቀው ወንድ ይገባል፣ ይወጣል። ምጡ ሲጠናባት ጮኸች። «ዝም በይ!» አሏት። ልጁ በሰላም ተወለደ። እልል የሚል ሰው ግን አልነበረም። ገንፎም አልቀመሰች። እንግዴ ልጁ የት እንደደረሰ ብትጠይቅ «ተጥሏል» አሏት።

ሁለተኛውን ልጅ ቤቷ ወለደች። ልጁ ከተወለደ በኋላ ደሙ አልቆም አለ። በቃሬዛ ተሸክመው ሲያወርዷት ራሷን አታውቅም ነበር። እንደ ምንም ተረፈች። አሁን ሦስተኛውን ነፍሰ ጡር ነች። «እንግዲህ የት ልውለድ ይላሉ?» አለችኝ።

እኔ መልስ አልነበረኝም። በማግሥቱ ቀኑን ሙሉ ሳስበው ዋልኩ።

እስቲ አስቡት። በኛ አገር ሴት ብቻዋን አትወልድም። ክርስቲያኖቹ «ማርያም፣ ማርያም» ይላሉ። ሙስሊሞቹ ዱአ ያደርጋሉ። ቡና ይፈላል። የምታምጠው ሴት ሰው ተደግፋ፣ ተንበርክካ ትወልዳለች። ልጁ ሲወለድ እልል ይባላል፤ በብዙ ቦታ ለወንድ 7 ጊዜ፣ ለሴት 3 ጊዜ። ገንፎ በቅቤና በበርበሬ ይቀርባል። እንግዴ ልጁ ከቤቱ አጠገብ በክብር ይቀበራል። ታዲያ ይህንን ሁሉ ለለመደች ሴት «ተጥሏል» የሚለው ቃል ምን ያህል እንደሚከብድ ይታያችሁ።

ሌላም አለ። «አራስ ብቻዋን አትተውም፤ መጥፎ መንፈስ ይለክፋታል» ይባላል። ስለ መንፈሱ እኔ አልከራከርም። ግን ልብ በሉ። ብዙ ጊዜ አራስን የሚገድለው የደም መፍሰስ የሚመጣው ልጁ በተወለደ በመጀመሪያው ቀን ውስጥ ነው። አጠገቧ ሰው ካለ ደሙን ያያል፣ ይጣራል። አያቶቻችን ምክንያቱን በሌላ ስም ጠሩት እንጂ ጥበቃው ትክክል ነበር። እኔ ደግሞ ሁሉንም ጠቅልዬ «ኋላ ቀር» ብዬ ነበር!

ጎጂ ልማድ የለም ማለቴ አይደለም። እንገሩን አልቦ መድፋት ልጁን ይጎዳል። ለጨቅላ ቅቤ ማዋጥ ይጎዳል። እትብቱ ላይ እበት ማድረግ መንጋጋ ቆልፍ ያመጣል፤ ይህ ይገድላል።

በ2003 ዓ.ም. በአገር ደረጃ ጥናት ተደርጎ ነበር። ከ100 ወሊድ በጤና ተቋም የተወለደው 10 ብቻ ሆኖ ተገኘ። ቤታቸው የወለዱት ለምን እንዳልሄዱ ተጠየቁ። ከ100ው 61 ያህሉ «አያስፈልግም» አሉ። 30 ያህሉ ደግሞ «ልማዳችን አይደለም» አሉ። እንግዲህ ችግሩ የመንገድ ርቀት ብቻ አልነበረም ማለት ነው።

ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ወደየቀበሌው መግባት ጀምረው ነበር። ሴቶች ናቸው፤ ያገሩን ቋንቋና ወግ ያውቃሉ። በኋላም ብዙ ጤና ጣቢያዎች የእናቶች ማቆያ ቤት ሠሩ። ገንፎ ማብሰያ ቦታ አዘጋጁ። ቡናም ይፈላ ጀመር። በ2011 ዓ.ም. እንደገና ሲጠና ከ100 ወሊድ 48ቱ በጤና ተቋም ሆነ። ይህን ያመጣው ገንፎ ብቻ ነው አልልም። መንገዱም፣ አምቡላንሱም አለበት። ገንፎውን ግን አትናቁት።

ማቆያ ራሱ አዲስ ነገር አይደለም። በጉራጌ አገር አጣጥ የሚባል ሆስፒታል አለ። እዚያ ምጧ ሊከብድ ይችላል የተባለች ነፍሰ ጡር ቀኗ ሳይደርስ መጥታ በማቆያው ትሰነብታለች። ሐኪሞቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1987 እስከ 2008 ያለውን መዝገብ ቆጠሩ። በማቆያው ሰንብተው ከወለዱት ሴቶች ከ1 ሺህ ልጆች 18 ያህሉ ሞተው ተወለዱ። ማቆያ ሳይገቡ ከመጡት ግን 191 ሞተው ተወለዱ። እነዚህ ብዙዎቹ ምጥ ከጠናባቸው በኋላ የመጡ ናቸው። ቁጥሮቹን ደብተራችሁ ላይ ጻፏቸው፤ 18 እና 191።

ወደ ተማሪዬ ልመለስ። አዋላጅ ነርሷን ወደ ማታው ክፍላችን ጋበዝናት። መጣች። ሴቶቹ ጥያቄያቸውን በራሳቸው እጅ ጽፈው አነበቡላት። «እናቴ ትግባ?» አንድ ሰው ይግባ አለች። «ተንበርክኬ ልውለድ?» ይቻላል አለች። «ወንድ አያዋልደኝ።» እዚህ ላይ ቆም አለች። «እኔ ካለሁ እኔ ነኝ። ከሌለሁ ግን ወንዱ ሸፍኖሽ ያዋልድሽ፤ አትመለሺ» አለች። እንግዴ ልጁን በዕቃ አድርጋ እንደምትሰጥ፣ በእጅ ሳይነኩት ጥልቅ አድርገው እንዲቀብሩት ነገረቻቸው። ለሕፃኑ ቅቤ የማዋጡን ነገር ግን ጨርሶ እምቢ አለች።

እሷም በተራዋ ጠየቀች። «ልጁ እንደወጣ መርፌ ስወጋችሁ ለምን ትሸሻላችሁ?» አለች። አንዷ «መካን ያደርጋል ይሉናል» አለቻት። አልተቆጣችም። መርፌው ማኅፀኑ ቶሎ እንዲኮማተርና ደሙ እንዲቆም እንደሚያደርግ በጨበጠችው እጇ አሳየቻቸው። ከዚያም «አንዳንድ ሌሊት ብቻዬን 3 ሴት አዋልዳለሁ። ሲደክመኝ የጮኽኩባችሁ ካላችሁ ይቅር በሉኝ» አለች።

ተማሪዬ ቀኗ 2 ሳምንት ሲቀረው ማቆያው ገባች። እናቷ ዱቄቱንና ቅቤውን ተሸክማ ተከተለቻት። እንደ ወለደች መርፌውን ተወጋች፤ ደሙም በልኩ ቆመ። ገንፎው እዚያው ተገነፋ። እልልታው 3 ጊዜ ነበር። ቀኗ ሲሞላ ልጇን አዝላ ወደ ክፍል ስትመለስ ያንኑ ገጽ እንድታነብ ሰጠኋት። «እናት በጤና ጣቢያ ትውለድ» ብላ አነበበች። ከዚያ እርሳስ ተቀብላኝ ከጎኑ «ከእናቷ ጋር» ብላ ጨመረችበት። መጽሐፉ የመንግሥት ነው፤ ግን አላጠፋሁትም።

ለሚቀጥለው ሳምንት እነዚህን ቃላት ጽፋችሁ ጠብቁኝ፦ አዋላጅ፣ ማቆያ፣ እንገር፣ እትብት፣ እንግዴ ልጅ።