“አልፈሃል” የተባለው አባቴና ያልተለጠፈው ውጤት

(ከዚህ በታች የምታነቡት አዲስ አበባ የሚኖሩ የወግዲና የመካነ ሰላም አካባቢ ተወላጆች በተሰበሰቡበት ዕለት ያቀረብኩት ንግግር ነው። ለጋዜጣ እንዲመች ጥቂት አሳጥሬዋለሁ።)



መቼስ ጋዜጠኛ መድረክ ላይ ሲወጣ ስለ ቤተ መንግሥት ያወራል ብላችሁ ሳትጠብቁ አልቀራችሁም። እኔ ግን ዛሬ የምናገረው ስለ ቀበሌ ነው። ቤተ መንግሥቱን በቴሌቪዥን ነው የምናየው። ማዳበሪያ ሲቸግረን፣ የመሬት ደብተር ሲጠፋብን፣ ልጃችን መታወቂያ ሲያሻው የምናንኳኳው ግን የቀበሌውን በር ነው። ማኅተሙ ያለው እዚያ ነው። እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነው፤ ያንን ማኅተም የያዘውን ሰው ማን መረጠው? በስንት ድምፅ? ማንንስ አሸንፎ?

በ2000 ዓ.ም. መካነ ሰላም ቤት ተከራይቼ ዘጠነኛ ክፍል እማር ነበር። ስንቅ ሲያልቅብኝ ወደ ወግዲ፣ ስንቅ ሲሞላ ወደ መካነ ሰላም። ይህን መንገድ የማያውቅ በዚህ አዳራሽ ያለ አይመስለኝም። በዚያ ዓመት ለፋሲካ አገር ቤት ስገባ ሰው ሁሉ አባቴን “የምክር ቤት አባል” እያለ ይጠራዋል። ደስ አለኝ። ልጅነት አይደል! ማታ እሳት ዳር ተቀምጠን ጠየቅኩት።

“አባዬ፣ ስንት ድምፅ አገኙ?”

“እኔ ምን አውቄ። ‘አልፈሃል’ ነው ያሉኝ።”

“ማንን አሸነፉ ታዲያ?”

ትንሽ አሰበና “የተሸነፈ ሰው እንኳ የለም” አለኝ።

እኔ “አልፈሃል” የሚለውን ቃል የማውቀው ከፈተና ጋር ነው። ፈተና ያለፈ ሰው ደግሞ ቢያንስ ውጤቱ ይለጠፍለታል። የአባቴ ውጤት ግን የትም አልተለጠፈም። የቀበሌውን ስም አልጠራም። ጎረቤት ቀበሌ ያደገ ሁሉ ተመሳሳይ ታሪክ እንዳለው ስለማውቅ አንዱን ነጥሎ መክሰሱ ተገቢ አይሆንም።

300 ሰው በአንድ ቀበሌ

ነገሩ የገባኝ አድጌ ጋዜጠኛ ከሆንኩ በኋላ ነው። ያ ምርጫ ሚያዝያ 5 እና 12 ቀን 2000 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ የተካሄደው የአካባቢ ምርጫ ነው። ከምርጫው በፊት የቀበሌ ምክር ቤት አባላት ቁጥር ከ15 ወደ 300 ከፍ ተደርጎ ነበር። ሂሳቡን እዩት። ለእያንዳንዱ ቀበሌ 300 እጩ ማቅረብ የሚችል ፓርቲ የትኛው ነው? በመላ አገሪቱ ለውድድር የቀረበው ወንበር ወደ 3.6 ሚሊዮን ይጠጋ ነበር። በዶክተር በየነ ጴጥሮስ ይመራ የነበረው ኅብረትና በአቶ ቡልቻ ደመቅሳ ይመራ የነበረው የኦሮሞ ፌዴራሊስት ዴሞክራሲያዊ ንቅናቄ እጩዎቻችን እንዳይመዘገቡ ተከለከሉ፣ ተዋከቡ ብለው ከምርጫው ወጡ። ውጤቱ ሲነገር ከዚያ ሁሉ ሚሊዮን ወንበር ውስጥ ተቃዋሚዎች ያገኙት በአንድ እጅ ጣት የሚቆጠር ነበር።

አባቴ እንግዲህ ከእነዚያ ሚሊዮኖች አንዱ ነው። የፓርቲ ሰው አልነበረም። በመንደሩ የተከበረ ስለሆነ ስሙን ጽፈው ወሰዱት፤ በቃ። “ተው” ማለት በዚያን ጊዜ ቀላል አልነበረም።

“ታዲያ ምን ጎዳው? ክብር አይደል እንዴ?” የሚል ይኖራል። የጎዳውን ልንገራችሁ። ከዓመት በኋላ ለከብት ግጦሽ የተከለለ የወል መሬት ነበረ፤ ለሌላ ተሰጠ። ለማን፣ በምን ምክንያት እንደተሰጠ አባቴ እስኪሞት አላወቀም። ስብሰባው ላይ ግን ነበረ። የተጻፈው ተነበበ፣ “እጅ አውጡ” ተባለ፣ 300 ሰው እጅ አወጣ። ቃለ ጉባኤው ላይ የአባቴም ፊርማ አለ። ላሞቹን የሚያሰማራበት ያጣ ጎረቤት የሚወቅሰው ማንን ነው? ወረዳውን አያገኘውም። አባቴን ግን በየገበያው ያገኘዋል። “አንተ ነህ እጅህን ያወጣኸው!” ይለዋል። አብረው ያረሱ፣ አብረው ያገቡ ሰዎች በዚህ ነገር ተኳረፉ።

ተመልከቱ እንግዲህ! ሥልጣኑን አልሰጡትም፤ ወቀሳውን ግን ሰጡት። ያልተቆጠረ ድምፅ የሚያመጣው ጣጣ ይህ ነው።

ቅሬው ምን ያስተምረናል?

አንዳንድ የተማሩ ወዳጆቼ “የገጠሩ ሕዝብ ምርጫ የሚባል ነገር አልለመደም” ይሉኛል። ይህ ስድብ ነው። አዲስ አበቤው እድር የሚለውን እኛ ወሎዎች ቅሬ እንለዋለን። ክርስቲያኑም እስላሙም አንድ ቅሬ ገብቶ አብሮ ይቀብራል፣ አብሮ ያለቅሳል። አባቴ ከዚያ በፊት የቅሬ ዳኛ ነበር፤ አንድ ጊዜም ተሸንፎ ወርዷል። ሰው በተሰበሰበበት “ለእገሌ የሆናችሁ” ተብሎ ተቆጠረ፣ አባቴ አነሰ። በማግስቱ ለተተኪው መዝገቡን፣ ገንዘቡን፣ ድስቱንና ሰሐኑን ሳይቀር ቆጥሮ አስረከበ። ማን እንዳሸነፈው ያውቃል። በስንት እንዳሸነፈውም ያውቃል። ሲያልፍ ሲያገድም “በአምስት ሰው ነው የበለጠኝ” እያለ ይስቅ ነበር።

ቅሬ ላይ ያልተቸገረ ሕዝብ ቀበሌ ላይ የሚቸገርበት ምክንያት ምንድነው? ዕውቀት አላነሰውም። ቆጥሮ የማስረከቡ ወግ ወደ ቀበሌው ቢሮ እንዳይገባ ስለተደረገ ነው።

የሼፊልዱ ወረቀት

መካነ ሰላም አብሮኝ ተከራይቶ የተማረ ጓደኛዬ ዛሬ ሼፊልድ በምትባል የእንግሊዝ ከተማ ይኖራል። ኳስ የምትወዱ በሼፊልድ ዩናይትድ ታውቋታላችሁ። ዜግነት ስላገኘ ይመርጣል። በ2013 ዓ.ም. ሚያዝያ መጨረሻ ላይ የሰፈሩን የምርጫ ውጤት በስልክ ፎቶ አንሥቶ ላከልኝ። አንድ ገጽ ወረቀት ናት። የእያንዳንዱ ተወዳዳሪ ስም፣ ፓርቲው፣ ያገኘው ድምፅ፣ የተበላሸው ድምፅ ብዛትና ለምን እንደተበላሸ ሳይቀር ተጽፎባታል። የተሸነፉትም ሁሉ አሉ። የመጨረሻው ሰው እንኳ ስሙና ቁጥሩ አለ። አባቴ በ2012 ዓ.ም. አርፎ ነበር እንጂ ያቺን ወረቀት ባሳየው ምን ይል ነበር እያልኩ አሰብኩ።

የዚያች ከተማ ምክር ቤት 84 ወንበሮች አሉት፤ 28 የምርጫ ሰፈሮች፣ ለእያንዳንዱ ሦስት ተመራጭ። ከተማዋን ለአሥር ዓመት በአብላጫ የመራው የሌበር ፓርቲ ነበር። በዚያ ምርጫ ግን ወደ 41 ወንበር ወረደና አብላጫውን አጣ። ሊበራል ዴሞክራቶች 29፣ አረንጓዴዎቹ 13፣ ወግ አጥባቂዎቹ ደግሞ 1 ወንበር ያዙ። ከሁሉ የገረመኝ የምክር ቤቱ መሪ የነበሩት ቦብ ጆንሰን የራሳቸውን ወንበር፣ ሂልስቦሮ በሚባለው ሰፈር፣ በአረንጓዴ ፓርቲ እጩ ተሸንፈው ማጣታቸው ነው። መሪው! በእኛ አገር ቢሆን የቀበሌ ሊቀ መንበር ተሸነፈ ብሎ የሚያምን ይገኛል?

ለምን ተሸነፉ? ብዙ ምክንያት ይኖረዋል። አንዱ ግን የዛፍ ጉዳይ ነው። ምክር ቤቱ ከአንድ ኩባንያ ጋር በተዋዋለው የመንገድ ሥራ ምክንያት በየመንገዱ ዳር ያሉ ከ5 ሺህ በላይ ዛፎች ተቆረጡ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2016 ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ፖሊስና ቆራጭ አንድ መንገድ ዘግተው ስምንት ዛፎች ሲጥሉ፣ ዕድሜያቸው ከ70 ያለፈ ሁለት ሴቶች ተቃውመው ታሰሩ። እንግሊዝ ነው የምላችሁ! እንግሊዝም ሹም ይበድላል፣ እንግሊዝም አሮጊት ያስራል። ልዩነቱ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ሰዉ ቂሙን ይዞ ድምፅ መስጫው ሣጥን ድረስ መሄድ ይችላል። በ2021 ደግሞ በሕዝበ ውሳኔ 65 በመቶው መራጭ “ጥቂት ሰዎች ብቻ አይወስኑብንም፣ ሁሉም ፓርቲ ያለበት ኮሚቴ ይሁን” ብሎ የአስተዳደሩን አሠራር ለወጠ። በ2023 ገለልተኛ አጣሪ ሪፖርት አወጣና ምክር ቤቱ ይቅርታ ጠየቀ።

የእነሱ ዛፍ፣ የእኛ ግጦሽ። በደሉ አንድ ዓይነት ነው። የእነሱ በደል ቁጥር ሆኖ ወጣ፤ የእኛ ኩርፊያ ሆኖ ቀረ።

137 ለ 1

“ቁጥር ቢለጠፍ ብቻውን ምን ይፈይዳል?” ለምትሉኝ፣ እውነት ነው፣ ብቻውን አይበቃም። እናንተ በምትኖሩባት በዚችው አዲስ አበባ ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. ቁጥሩ ወጥቶ ነበር። ከ138 የከተማው ምክር ቤት ወንበሮች ቅንጅት 137ቱን አሸነፈ። ኢሕአዴግ አንድ! እኔ ያኔ ልጅ ነበርኩ፤ ከዚህ አዳራሽ ግን ተሰልፋችሁ የመረጣችሁ ብዙዎች ናችሁ። ከዚያስ? ቅንጅት ለከንቲባነት የመረጣቸው ዶክተር ብርሃኑ ነጋ ከንቲባው ወንበር ላይ ሳይሆን እስር ቤት ነው የተቀመጡት። በሰኔ 1997 እና በጥቅምት 1998 በተፈጠረው ሁከት 193 ሲቪሎች እንደተገደሉ አጣሪ ኮሚሽኑ አረጋገጠ። የታሰሩት መሪዎች ሐምሌ 1999 በይቅርታ ሲፈቱ ከተማዋን የሚያስተዳድሩት ከ1998 ጀምሮ የተሾሙት የባለአደራው ከንቲባ አቶ ብርሃነ ደሬሳ ነበሩ።

እንግዲህ አዲስ አበባ በ1997 ውጤት ነበራት፣ የመረጠችው ምክር ቤት ግን አልተሰየመም። የእኔ አባት ቀበሌ በ2000 ምክር ቤት ነበረው፣ ውጤት ግን አልነበረውም። ሁለቱ ተለያይተው ሲቀሩ ሁለቱም ከንቱ ናቸው።

“ምርጫ ሲደርስ ትወርዳለህ”

አባቴ “አውርዱኝ” ብሎ ለምኗል። “ምርጫ ሲደርስ ትወርዳለህ” አሉት። ምርጫው በሚያዝያ 2005 ደረሰ። 33 ተቃዋሚ ፓርቲዎች አንሳተፍም ብለው ቀሩ። አባቴ ዳግመኛ “አልፈሃል” ተባለ። ቀጣዩ በ2010 ሊሆን ነበር፤ የተወካዮች ምክር ቤት ለአንድ ዓመት አራዘመው። በ2011 እንደገና ተራዘመ። ወረርሽኙ መጣ። ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. አገር አቀፍና ክልላዊ ምርጫ ሲደረግ አዲስ አበባ የከተማ ምክር ቤቷን መረጠች፤ የገጠሩ ቀበሌና ወረዳ ግን በዚያም ቀን አልተመረጠም። አባቴ ዘመኑ ያለፈበት የምክር ቤት አባል እንደሆነ ሞተ። ለቅሶው ላይ አንድ ሹም ተነሥቶ “የምክር ቤት አባላችን ነበሩ” ሲል ከቅሬው ሰዎች አንዱ ወደ መሬት እያየ ራሱን ሲነቀንቅ አየሁት። ያ ሰውዬ ላሞቹን የሚያሰማራበት ያጣው ነው። አልፈረድኩበትም።

“አሁን የዚህ ጊዜ ነው ወይ?” የሚል ይኖራል። ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የደረሰውን እኔም እናንተም እናውቃለን፤ ዘመዶቻችን እዚያው ናቸው። ጥይት እየጮኸ ምርጫ አድርጉ የምል ሞኝ አይደለሁም። ነገር ግን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ሰው አቤቱታውን የሚሰማው የራሱ ምርጫ ሹም በቅርቡ ቢኖረው ኖሮ ስንቱ ነገር እዚያው በቀበሌው ደጃፍ ባለቀ ነበር! ሕገ መንግሥቱ ራሱ በአንቀጽ 50 ንዑስ አንቀጽ 4 ለዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን ሕዝቡ በቀጥታ የሚሳተፍበት በቂ ሥልጣን ይሰጣል ይላል። ተጽፏል። የጎደለው መፈጸሙ ነው።

ስለዚህ ሰላም ሲወርድና የቀበሌ ምርጫ ሲመጣ፣ እናንተ አገር ቤት ስልክ የምትደውሉ፣ ለክረምት የምትወርዱ፣ ሦስት ነገር ጠይቁልኝ። አንደኛ፣ ተመራጩ ሰው የሚያውቀውና የሚጠይቀው ያህል ይሁን፤ 300 ሰው ሲሾም ማንም አልተሾመም። ሁለተኛ፣ ውጤቱ በዚያው ቀን በቀበሌው በር ላይ ይለጠፍ፤ የአሸናፊውም የተሸናፊውም ስምና ድምፅ። ሦስተኛ፣ መሬት የሚነካ ውሳኔ ሁሉ ከነምክንያቱ፣ ማን እንደደገፈና ማን እንደተቃወመ ተጽፎ እዚያው ይለጠፍ።

አበው “ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ” ብለዋል። ስለ ንጉሥ ነው እንጂ ስለ ቀበሌ ሊቀ መንበር አላሉም! ልጆቻችን ለበዓል አገር ቤት ገብተው “አባዬ፣ ስንት ድምፅ አገኙ?” ብለው ሲጠይቁ፣ አባት ቢያሸንፍም ቢሸነፍም ቁጥሩን የሚናገርበትን ቀን ያሳየን።