ከብርሌው እስከ ደኑ
የጋምቤላ እንግዳና የማር ጠጅ
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



ከጎሬ ተነሥቶ ወደ ጋምቤላ ከተማ የሚወርድ መንገደኛ በጥቂት ሰዓታት ጉዞ ውስጥ 1,500 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወርዳል። በመጀመሪያ ካፖርቱን ያወልቃል፤ ጥቂት እንደ ወረደ የሸሚዙን አንገትጌ ይፈታል፤ ባሮ ወንዝ ዳር ሲደርስ ግን ጉሮሮውን የሚያረጥብበት ከማግኘት በቀር ሌላ አሳብ አይኖረውም። የምደባ ደብዳቤ የያዘው ቀያሽም ሆነ መምህሩ፣ ሐኪሙም ሆነ የደቡብ ሱዳን ስደተኞችን ለመርዳት ከባሕር ማዶ የመጣው ሠራተኛ፣ ለጋምቤላ ሙቀት ሁሉም እኩል እንግዳ ነው። አመሻሹ ላይ፣ የቀኑ ትኩሳት ጋብ ሲል፣ በከተማው ከቆዩት አንዱ ወደ ጠጅ ቤት ይዞት ይሄድና አንገቷ ቀጭን፣ ሆዷ ሰፊ በሆነች ብርሌ ጠጅ ያስቀዳለታል።

የዚህ ንግግር ርእስ ያ እንግዳ ከመጀመሪያው ጉንጭ ተነሥቶ ጠጁን በእውነት እስከ መውደድ የሚደርስበት መንገድ ነው። ርእሱ ለባለሙያዎች ጉባኤ የቀለለ መስሎ ሊታይ ይችላል። ይሁን እንጂ ጠጅ ከማር፣ ማር ከአበባ፣ አበባም ከደን የሚገኝ በመሆኑ፣ የብርሌው ነገር ዞሮ ዞሮ የደኑ ነገር ነው። ደኑም ዛሬ በአደጋ ላይ ነው።

ጣፋጭ መጠጥ እንግዳን መቀበሉ በሌላውም ዓለም የታወቀ ነው። በፖርቱጋል አገር፣ በዶውሮ ወንዝ ሸለቆ ከሚበቅል ወይን የሚሠራው የፖርቶ ወይን ጠጅ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። የወይኑ ጭማቂ መፍላት ከጀመረ ከሁለት ወይም ከሦስት ቀን በኋላ፣ ከስኳሩ ገና ግማሽ ያህሉ ሳይለወጥ፣ 77 በመቶ አልኮል ያለው የወይን አረቄ ይጨመርበታል። አልኮሉ እርሾውን ስለሚገድለው መፍላቱ ይቆማል፤ ያልተለወጠው ስኳርም በመጠጡ ውስጥ ይቀራል። በዚህም ምክንያት መጠጡ ከ19 እስከ 22 በመቶ አልኮል ያለው፣ ጠንካራም ጣፋጭም ይሆናል። ከወይን ጠጅ ጋር ያልተዋወቀ ሰው ኮምጣጣውንና ደረቁን ሲሸሽ ይህን ግን በጣፋጭነቱ ይቀርበዋል፤ ከቀረበው በኋላ ዘመኑን፣ በርሜሉን፣ የበቀለበትን ተዳፋት ለይቶ ማወቅ ይጀምራል። መግቢያው ጣፋጭነት፣ መድረሻው ዕውቀት ነው ማለት ይቻላል።

አማርኛ የወይኑን መጠጥ «የወይን ጠጅ» ብሎ መጥራቱ ራሱ ትርጉም አለው። ለቋንቋው ባለቤት መለኪያው ጠጅ ነው፤ የወይኑ መጠጥ የሚታወቀው በጠጅ ተመስሎ ነው። እንግዲያው የጋምቤላውን እንግዳ በዚሁ መለኪያ መከታተል ተገቢ ይሆናል።

የእንግዳው የመጀመሪያ ደረጃ ብርዝ ነው። በውሃ የተበጠበጠ፣ ገና ያልፈላ ወይም ጥቂት ብቻ የጀመረው የማር ውሃ አልኮሉ አነስተኛ ስለሆነ ልጅም አዋቂም ይጠጣዋል። እንግዳው የማሩን ሽታ ያለ ጌሾ ጣልቃ ገብነት የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው። ብዙዎች ከዚህ አያልፉም፤ ቢያልፉም ጣፋጭ የሆነውን ጠጅ ብቻ እየመረጡ ይቀመጣሉ።

ሁለተኛው ደረጃ ምሬቱን መቀበል ነው። ጠጅ ሲጣል አንድ እጅ ማር በሦስት ወይም በአራት እጅ ውሃ ይበጠበጣል። በወይራ በታጠነ ጋን ወይም እንስራ ውስጥ ሁለት ሦስት ቀን ከቆየ በኋላ ሰፈፉ ይገፈፋል፤ ከዚያም የጌሾው እንጨት በጥቂቱ ብጥብጥ ተቀቅሎ ይጨመርበታል። ማር ከክብደቱ አራት አምስተኛው ያህል ስኳር ስለሆነ በራሱ እርሾን አያስኖርም፤ በውሃ ሲቀጥን ግን እርሾው ሕይወት ያገኝና ስኳሩን ወደ አልኮልና ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለውጣል። በቀዝቃዛው ደጋ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የሚፈጀው መፍላት በቆላው ሙቀት በጥቂት ቀናት ይፈጸማል። በደንብ የደረሰ ጠጅ አብዛኛውን ጊዜ ከ7 እስከ 11 በመቶ አልኮል ይይዛል። ጣፋጭነቱ እየቀነሰ ሲሄድ የጌሾው ምሬት ብቅ ይላል፤ እንግዳውም መጀመሪያ ፊቱን ያጨማደደበትን ይህን ምሬት ቀስ በቀስ ይለምደዋል፤ ኋላም ምሬት የሌለው ጠጅ ባዶ ይሆንበታል።

በዚህ ላይ አንድ ነገር ማስተዋል ይገባል። ጌሾ የደጋና የወይና ደጋ ተክል ነው፤ ጋምቤላ ከተማ ግን ከባሕር ጠለል በላይ 500 ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ብላ የምትገኝ ቆላ ናት። ስለዚህ በከተማዋ በሚቀዳው አንድ ብርሌ ውስጥ ከላይ የወረደ ጌሾ፣ ከደን የመጣ ማርና የቆላ ውሃ ይገናኛሉ። እንግዳው ሳያውቀው የሚጠጣው የአካባቢውን ካርታ ነው።

ሦስተኛው ደረጃ «ይህ ማር ከየት መጣ?» ብሎ መጠየቅ ነው። መልሱ እንግዳውን ከወንዙ ዳር አንሥቶ በክልሉ ምሥራቃዊ ክፍል ወዳለው ወደ ማጃንግ ዞን፣ ወደ ጎደሬና ወደ መንገሽ ወረዳዎች ይወስደዋል። የማጃንግ ሰዎች ንብ በማነብ የታወቁ ናቸው። ከግንድ የተፈለፈለውን ቀፎ ረጅም ዛፍ ላይ ይሰቅሉታል፤ ማሩ ሲደርስ ጢስ ይዘው ይወጣሉ። ከማርም መጠጥ የመጥመቅ የቆየ የራሳቸው ልማድ አላቸው። በዚህ ሥራ ውስጥ ዛፉ ማገዶ ወይም ሳንቃ ብቻ አይደለም፤ ቀፎ የሚሰቀልበት ቤት፣ ንቧም የምትቀስምበት ማሳ ነው። የቡናው አበባ፣ የብሳናው፣ የዋንዛውና የግራዋው አበባ በየወቅቱ ስለሚፈራረቅ የማሩም መልክና ጣዕም ይፈራረቃል። የግራዋ ማር ጠቆር ብሎ መረር ይላል፤ ይህን የማያውቅ እንግዳ ማሩ የተበላሸ ይመስለዋል፤ ያወቀ ግን ፈልጎ ይገዛዋል። መጠጥ የማይጠጣ ሰውም፣ በሃይማኖቱ ወይም በጤናው ምክንያት ከብርሌው ቢርቅ፣ ከዚህ ዕውቀት የሚርቅበት ምክንያት የለም፤ ማሩን በማንኪያ ቀምሶ ይደርስበታል።

ክቡራትና ክቡራን፤

ጋምቤላና ፖርቶ በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ፤ ሁለቱም የወንዝ ንግድ ያሳደጋቸው ከተሞች ናቸው። ፖርቶ ማለት ራሱ ወደብ ማለት ነው። የዶውሮን ሸለቆ ወይን ጠጅ በርሜል በርሜሉን በጀልባ እያወረደች ለዓለም ስትሸጥ መጠጡ በስሟ ተጠራ። ጋምቤላም ዳግማዊ ምኒልክ በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር ባደረጉት ውል መሠረት በባሮ ወንዝ ላይ የንግድ ጣቢያ ሆና ተቋቋመች። በክረምት ወንዙ ሲሞላ መርከቦች ከካርቱም በነጭ ዓባይና በሶባት በኩል እየመጡ ቡና፣ ሰምና ቆዳ ይጭኑ ነበር። ያ ሰም ከየት መጣ ቢባል፣ አንዱ ምንጭ ጠጅ ጣዮች የሚገፉት ሰፈፍ ነው። ጠጁ በአገር ተጠጣ፤ ሰሙ ወደ ውጭ ወጣ፤ ይሁን እንጂ ሰም ቀልጦ ከሌላ ሰም ጋር ሲቀላቀል የበቀለበት ደን ስም አብሮት ይቀልጣል። የጋምቤላ ወደብ ሥራዋን ካቆመች ብዙ ዘመን ሆኗል፤ ከደኗ የሚወጣው ማር ግን ዛሬም በሰፊው የታወቀ ስም የለውም።

ስም ማጣት ቀላል ጉዳት አይደለም። በ18ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ገደማ በፖርቱጋል አንዳንድ ነጋዴዎች ወይን ጠጁን በስኳርና ቀለም በሚሰጥ የዱር ፍሬ ጭማቂ እያበላሹ በመሸጣቸው የመጠጡ ዝናና ዋጋ ወደቀ። የጊዜው ሚኒስትር ኋላ ማርኪስ ደ ፖምባል የተባለው ሰው እ.ኤ.አ. ከ1756 ጀምሮ ወይኑ የሚበቅልበት ምድር እንዲከለል አደረገ፤ ድንበሩም በግራናይት ድንጋይ ምሰሶዎች ተለየ። መጠጡን የወደደው ገዥ ስሙን አምኖ ስለሚገዛ፣ ስሙን ለመጠበቅ ሲባል ምድሩ ተጠበቀ።

በኢትዮጵያ ከተሞችም ዛሬ ከማር ይልቅ በስኳርና በቀለም የሚጣል ጠጅ የተለመደ ሆኗል። ቢጫነቱ ከማር ጠጅ ይልቅ ያበራል፤ ጣፋጭነቱ ምላስ ላይ ወዲያው ደርሶ ወዲያው ይጠፋል። በመጀመሪያው ደረጃ ላይ የቆመ እንግዳ ልዩነቱን አያውቅም፤ ስለማያውቅም ለሁለቱ እኩል ይከፍላል። ነጋዴውም በርካሹ ስኳር ማትረፍ ከቻለ ማር ለምን ይገዛል? ማር ገዥ ሲያጣ ደግሞ ቀፎ የሰቀለው ሰው ዛፉን የሚጠብቅበት ምክንያት ይሳሳል። ስሕተቱ ከብርሌው ተነሥቶ ዛፉ ሥር የሚደርሰው በዚህ መንገድ ነው።

ደኑ የሚገኝበት ሁኔታ ይህን ጉዳይ አጣዳፊ ያደርገዋል። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. በድርቅ ከተጎዱ አካባቢዎች ብዙ ሕዝብ በሠፈራ ወደ ጋምቤላ መጥቷል፤ ከዚያም ወዲህ ቡና ለማልማትና መሬት ለማግኘት ወደ ደኑ ወረዳዎች የሚገባው ሰው አልተቋረጠም። ሠፋሪውም ሆነ አልሚው እንጀራውን ፍለጋ የመጣ ነው፤ ሊወቀስ የሚገባው መምጣቱ ሳይሆን፣ መሬቱ ባዶ ነው ብሎ ያስተማረው አስተሳሰብ ነው። በውስጡ ቀፎ የተሰቀለበት ደን ባዶ መሬት አይደለም። ዩኔስኮ በ2009 ዓ.ም. የማጃንግን ደን በዓለም የባዮስፌር ጥብቅ ቦታዎች መዝገብ ውስጥ አስገብቶታል፤ ስፋቱም ከ200,000 ሄክታር በላይ ነው። ነገር ግን መዝገብ ብቻውን መጥረቢያ አያስቆምም። ደኑ ቆሞ ከወደቀው ይልቅ ለነዋሪው የሚበልጥ ገቢ ሲያስገኝ ነው የሚጠበቀው።

ባለሙያው በዚህ ረገድ ሊያደርግ የሚችለው ጥቂት አይደለም፤

1ኛ/ የማሩን የውሃ መጠን መለካት። እርጥበት ከሚበዛበት ደን የሚቆረጥ ማር ውሃው ከ20 በመቶ ካለፈ በዕቃው ውስጥ ሳለ ይፈላል፤ ገበያውንም ያጣል። በኪስ የሚያዝ ሬፍራክቶሜትር በአንዲት ጠብታ ማር ይህን ያሳያል። ንቧ እንጀራዋን በሰም ሳትከድን አለመቁረጥ ደግሞ ምንም ወጪ የማይጠይቅ መፍትሔ ነው።

2ኛ/ የጠጁን ጋን ከሙቀት መጠበቅ። በጋምቤላ በበጋው መጨረሻ የቀኑ ሙቀት ከ35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል። በዚህ ሙቀት እርሾው ይደክማል፤ አየር ካገኘም ጠጁ ፈጥኖ ይሆመጥጣል። ጋኑን በጥላ ሥር ከፊሉን በመሬት ውስጥ መቅበርና በእርጥብ ጨርቅ መጠቅለል ያለ ኤሌክትሪክ የሚሠራ ማቀዝቀዣ ነው።

3ኛ/ መንገድ ሲቀየስ ቀፎ ያለባቸውን ዛፎች ከባለቤቶቻቸው ጋር በካርታ ላይ መመዝገብ። ለቀያሽ ዛፍ አንድ ነጥብ ነው፤ ለባለቤቱ ግን የቤተሰብ ሀብት ነው። መስመሩን ጥቂት ሜትር ማዛወር ብዙ ጊዜ ከካሳ ክርክር ይረክሳል።

4ኛ/ ማሩ በበቀለበት ስም እንዲሸጥ ማገዝ። ኢትዮጵያ የሐረርን፣ የሲዳሞንና የይርጋ ጨፌን ቡና ስሞች በንግድ ምልክትነት ለማስከበር ያደረገችው ጥረት እ.ኤ.አ. በ2007 ከስታርባክስ ኩባንያ ጋር ስምምነት እስከ መፈራረም አድርሷታል። ለቡናው የተቻለው ለማሩ የማይቻልበት ምክንያት የለም።

እነዚህ ሁሉ ግን ልዩነቱን የሚያውቅ ጠጪና ገዥ ከሌለ ከንቱ ናቸው። ስለዚህም የእንግዳው ትምህርት ዋና ነገር ይሆናል። ጋምቤላ የምትቀበለው እንግዳ ብዙ ነው፤ ከዓመት ወደ ዓመትም ይለዋወጣል። የመጣው ሁሉ በጣፋጩ ተደስቶ የሚመለስ ከሆነ ደኑ አንድም ወዳጅ አያተርፍም።

በሁለተኛው ዓመቱ ያ ቀያሽ እርሱ ራሱ ባለቤት ሆኖ፣ ከጎሬ ገና የወረደውን ካፖርታም ባልደረባውን ወደዚያው ጠጅ ቤት ይዞት ይገባል። ጠጁ ሳይቀዳ በፊት ግን አሳላፊዋን «እሜቴ፣ የዛሬው ማር ከየትኛው ወረዳ ነው?» ብሎ ይጠይቃታል። አሳላፊዋም ጥያቄውን የሚጠይቅ ሰው እንዳለ ካወቀች፣ በሚቀጥለው ገበያ ማሩን ያመጣውን ሰው ያንኑ ትጠይቀዋለች። ጥያቄው እንዲህ ከብርሌው ተነሥቶ በገበያው በኩል አልፎ፣ ቀፎው ከተሰቀለበት ዛፍ ሥር ይደርሳል።